የራስ የሆነ አድራሻ፦ ለአነስተኛ ንግድ የሚጠቅም ድረ ገጽ ምን ይዞ፣ በማንስ ስም ይቆማል?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርዕሴ ለአነስተኛ ንግድ ስለሚሠራ ድረ ገጽ ነው። ርዕሱ ቀላል ይመስላል። ‹‹በአንድ ቀን ድረ ገጽ እንሠራለን›› የሚሉ ማስታወቂያዎች በየቦታው ሞልተዋል፤ አልዋሹም፣ በአንድ ቀን ሊሠራ ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ከተሠራ በኋላ የሚሆነው ነው። በማስተምረው ኮርስ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ለአንድ ነጋዴ ድረ ገጽ እንዲሠሩ አደርጋለሁ። ከዓመት በኋላ አድራሻዎቹን ስከፍት ብዙዎቹ አይገኙም። ከሚገኙትም የሚበዙት እንደ ምርቃት ፎቶግራፍ ባሉበት የቀሩ ናቸው፦ ዋጋው የዚያን ዓመት ዋጋ ነው፣ ስልኩ ተቀይሯል፣ ‹‹በቅርቡ ይጠብቁን›› የተባለው ገጽ ዛሬም ‹‹በቅርቡ ይጠብቁን›› ይላል። ነጋዴው ግን ሥራ አልፈታም፤ ሱቁ ሞልቶ ይውላል። ድረ ገጹ ያስፈለገው መስሎት ነበር፣ ሲያየው ግን ምንም አላደረገለትም።

ስለዚህ ከመነሻው እንጠይቅ። ለመሆኑ አንድ ትንሽ ነጋዴ ድረ ገጽ ለምን ያስፈልገዋል? ‹‹ዘመኑ ስለሆነ›› የሚለው መልስ አይበቃኝም።

የአገራችን ንግድ እምነቱን የሚያስረው በቦታ ነው። መርካቶን ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ ሲባል ቦታው ራሱ ስለ ዕቃው ይናገራል። ነጋዴው ከተፎካካሪው ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ገዢው አንዱን ከአንዱ ያወዳድራል፣ ጨርቁን በጣቱ ያሻል፣ ይከራከራል፣ ካልተስማማው ወደሚቀጥለው ሱቅ ያልፋል። ነገ ችግር ቢገጥመው ተመልሶ የሚመጣበትን በር ያውቃል። ‹‹ደንበኛ›› የምንለው ቃል አዘውትሮ የሚገዛንን ሰው ያመለክታል፤ ‹‹ትክክለኛ፣ እውነተኛ›› የሚል ትርጉምም አለው። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል መገናኘታቸው ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

በሩ ግን አንዳንድ ጊዜ ከቦታው ይነሣል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት በፒያሳና በሌሎች አካባቢዎች ለብዙ ዓመታት የቆዩ ሱቆች ተነሥተዋል። ልማቱን መመዘን የዛሬ ርዕሴ አይደለም። ከንግድ አንጻር የሆነውን ግን ልብ እንበል። አድራሻችንን የምንናገረው በምልክት ነው፤ ‹‹ከሆቴሉ ፊት ለፊት››፣ ‹‹ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ›› እንላለን። ምልክቱም ሱቁም አብረው ሲነሡ ደንበኛው የሚይዘው ነገር አጣ። ስልክ ቁጥር የነበረው ደወለ፤ ያልነበረው ሌላ ሱቅ ፈለገ። ሃያና ሠላሳ ዓመት የተገነባ መታወቅ ከግድግዳው ጋር አብሮ ወረደ።

‹‹ቴሌግራም ቻናል አለኝ፣ ፌስቡክና ቲክቶክም አለኝ፤ ድረ ገጽ ምን ያደርግልኛል?›› የሚል ነጋዴ ብዙ ነው። ጥያቄው ብልህ ጥያቄ ነው። ቴሌግራም በነጻ ነው፣ ደንበኛው አስቀድሞ እዚያው ነው ያለው፣ ለመጠቀምም ሥልጠና አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ነጋዴው እዚያ ቤት ተከራይ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተገድበው ቆይተዋል፤ ቪፒኤን ያልጫነ ደንበኛ የሚያውቀውን ሱቅ ማየት አልቻለም። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በኩባንያው የራሱ የቴክኒክ ብልሽት ምክንያት ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። ገደብም ብልሽትም ባይኖር እንኳ ገጹ በሐሰተኛ ጥቆማ ሊዘጋ፣ በሌባ ሊሰረቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ነጋዴው አቤት የሚልበት ጠረጴዛ በአገሩ የለም። እውነቱን ለመናገር ኢንተርኔቱ ራሱ ከተቋረጠ ድረ ገጽም ለአገር ውስጥ ደንበኛ አይከፈትም። ውጭ አገር ላለው ደንበኛ ግን ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ መስመሩ ሲመለስም አድራሻው ያው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቻናል እንደ ወራጅ ውኃ ነው፤ ዛሬ የተለጠፈው የትናንቱን ይሸፍነዋል። ባለፈው ዓመት የለጠፉት መልካም ቀሚስ ዛሬ ከአምስት መቶ መልእክት በታች ተቀብሯል። አዲስ የመጣ ሰው እናንተ ማን እንደሆናችሁና የት እንዳላችሁ ለማወቅ ያን ሁሉ እየሳበ ወደ ላይ መውጣት አለበት። አይወጣም።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ጭብጥ ይህ ነው፦ ለአነስተኛ ንግድ ድረ ገጽ ከሁሉ በፊት አድራሻ ነው። ሱቁ ቢነሣ፣ ስልኩ ቢቀየር፣ ቻናሉ ቢዘጋ ደንበኛው ተመልሶ የሚያገኘው፣ ነጋዴውም በራሱ ስም የያዘው አንድ ቋሚ ቦታ ነው። ማስታወቂያነቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ቻናሉን ዝጉ አልልም፤ ቻናሉ ሰው ይጥራ፣ ድረ ገጹ ደግሞ ይቀበል።

ይህን ካልኩ ዘንድ ለሁሉም ድረ ገጽ ያስፈልገዋል እንደማልል ይታወቅልኝ። በሰፈሩ ጉሊት ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ደንበኞቿ በእግር የሚደርሱባት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ለእርሷ ድረ ገጽ ሠርቶ ማስከፈል ግፍ ነው። የሚያስፈልገው ገዢው ሩቅ ለሆነበት፣ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ብዙ ለሚጠየቅበት፣ ወይም ቀብድ ተከፍሎ ለሚጠበቅበት ሥራ ነው። የእንግዳ ማረፊያ፣ የቤት ዕቃ አናጢ፣ የጉዞ አስጎብኚ፣ የሕትመት ቤት፣ የልብስ ሥራ በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ሽሮ ሜዳ ላይ የሐበሻ ቀሚስ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እናስብ። ሽሮ ሜዳ ከእንጦጦ ግርጌ ያለ፣ ከጋሞ አካባቢ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች የኖሩበት የሽመናና የባህል ልብስ ሰፈር ነው። ነጋዴዋ ሸማኔዎቹን በስም ታውቃለች፣ ፈትሉን ትለያለች፣ ጥበቡን ከልብሱ ጋር ታዛምዳለች። አሁን ደግሞ ገዢዋን እናስብ፤ በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር፣ እኅቷን በጥር ወር የምትድር ሴት ናት። ሌሊት ከሥራ ወጥታ ስልኳን ከፍታ ትፈልጋለች። ጨርቁን መዳሰስ አትችልም። ሽሮ ሜዳ ያለ ዘመድ መላክም አልፈለገችም፤ ዘመድ መላክ ራሱ ሌላ ወጪ መሆኑን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ይህች ሴት ወደ ገጹ የምትመጣው በተወሰኑ ጥያቄዎች ነው። ይህ ሱቅ በእርግጥ አለ ወይ? ዋጋው ስንት ነው? ለእኔ ልክ እንዲሆን ምን ምን ልለካ? እስከ ጥር ይደርሳል? ገንዘቡን ልኬ ልብሱ ባይመጣ ወይም ባይሆነኝ ምን ይደረጋል? ከቀለሙ፣ ከተንቀሳቃሹ ምስልና ከሙዚቃው በፊት የድረ ገጹ ጥራት የሚለካው ለእነዚህ በሚሰጠው መልስ ነው። ተማሪዎች የሚያመጡልኝን የመጀመሪያ ረቂቅ ስከፍት ግን ከሁሉ በላይ የማገኘው ‹‹ራዕያችን፣ ተልዕኳችን፣ እሴቶቻችን›› የሚል ነው። ሦስት ሠራተኛ ያለው ልብስ ቤት በ2022 ዓ.ም. በአፍሪካ ተመራጭ የመሆን ራዕይ ይኖረዋል! ይህን ከመሥሪያ ቤቶች ግድግዳ እንደ ቀዳነው ግልጽ ነው። በቦታው የሱቁን በር ፎቶግራፍ አድርጉበት፤ ‹‹ሱቁ አለ ወይ?›› ለሚለው ከራዕይ ይልቅ በር ይመልሳል። ከሥሩ የነጋዴዋ ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው፣ ሥራውን የጀመረችበት ዓመት፣ የሰፈሩ ስም፣ ቅርብ ምልክቱና የካርታው ነጥብ ይሁን። ስልኩ በ+251 ይጀምር፤ በ09 የተጻፈ ቁጥር ውጭ አገር ላለ ሰው አይደውልም። ሱቁ ወደ ሌላ ቦታ ከሄደም ‹‹ከዚህ ቀን ጀምሮ እዚህ ነን›› የሚል መስመር በዚያው ቦታ ይጻፍ።

ስለ ዋጋ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። የአገራችን የመረብ ንግድ ትልቁ ሕመም ‹‹ዋጋ በውስጥ መስመር›› የሚለው ነው። ገዢ ‹‹ስንት ነው?›› ብሎ በአደባባይ ይጠይቃል፣ ‹‹በውስጥ መስመር ያናግሩን›› ይባላል። ነጋዴዎችን ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው የሚሰጡኝ መልስ ከንቱ አይደለም። ጎረቤቴ አይቶ በሃምሳ ብር ዝቅ ያደርግብኛል ይላሉ። የፈትል ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል ይላሉ። ገዢ ሳይከራከር አይገዛም፣ ስለዚህ የጻፍኩት ዋጋ መነሻ ሆኖ ይቀራል ይላሉ። ሦስቱም እውነት ናቸው። ይሁንና ጎረቤት ዋጋችሁን ማወቅ ከፈለገ እንደ ገዢ ሆኖ በውስጥ መስመር ይጠይቃል፤ ከእርሱ የሚሸሸግ ነገር የለም። የሚሸሸገው ከሩቅ ገዢ ብቻ ነው። የሩቋ ገዢ ደግሞ ዋጋ ሲደበቅባት የምትጠረጥረው አንድ ነገር ነው፦ ‹‹ቁጥሬ የውጭ አገር መሆኑን አይተው የውጭ ዋጋ ሊነግሩኝ ነው›› ትላለች። ሳትጠይቅ ታልፋለች፤ ነጋዴዋም የሄደባትን ደንበኛ ፈጽሞ አታውቃትም። ከሱቅ የወጣን ገዢ ከኋላው መጥራት ይቻላል፣ ከገጽ የወጣን ግን አይቻልም።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ዋጋው ከነቀኑ ይጻፍ፦ ‹‹ይህ ዋጋ እስከ ኅዳር 30 የጸና ነው››። እንደ ጥበቡ ዓይነት የሚለያይ ከሆነ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ተጽፎ ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጽ። የማይከራከሩበት ከሆነ ‹‹የመጨረሻ ዋጋ›› ይባል፤ ይህን ቃል የማያውቅ ሐበሻ የለም። የልብሱ ዋጋ ለሁሉም አንድ ይሁን፣ የመላኪያው ለብቻው ይቀመጥ። ሕጉም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ በንግድ ቤቱ በግልጽ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲያደርግ ያዝዛል። ሱቅ ውስጥ የታዘዘውን በገጽ ላይ ለመሸሸግ ምን ምክንያት አለ?

ከዋጋ ቀጥሎ ቀብድ ይመጣል። ልብስ በልክ ሲሠራ ነጋዴዋ ያለ ቀብድ ሸማኔውን ማዘዝ አትችልም፤ ገዢዋም ላላየችው ሱቅ ቀብድ መክፈል ትፈራለች። ፍርሃቱ የሁለቱም ነው። እዚህ ላይ የሕግ ተማሪዎች ካላችሁ ደስ ይበላችሁ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ደንግጓል። ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስድሳ ዓመት ያለፈው ይህ ድንጋጌ ለመረብ ንግድ ታስቦ የተጻፈ ይመስለኛል። ነጋዴዋ በገጿ ላይ ‹‹ግማሹን በቀብድ እንቀበላለን፤ እኛ ካልሠራን እጥፉን እንመልሳለን፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ እርስዎ ከተዉት ቀብዱ አይመለስም›› ብላ ብትጽፍ አዲስ ነገር አልፈጠረችም፤ ሁለቱም ወገን በልጅነት የሰሙትን ሥርዓት በጽሑፍ አኖረች እንጂ። በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተደረገ የጽሑፍ ልውውጥም የሕግ ዕውቅና እንዳለው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ይደነግጋል። ስለዚህ ይህ ዓረፍተ ነገር ጌጥ አይደለም፤ ነጋዴዋ የማትፈጽመውን እንዳትጽፍ አስጠንቅቋት።

ክፍያውን በተመለከተ አጭር እሆናለሁ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ፣ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተከተለ ወዲህ በስልክ መክፈል ለአገር ውስጥ ገዢ እንግዳ ነገር አይደለም። ተማሪዎች ግን ከመጀመሪያው ቀን የክፍያ ሥርዓት ከገጹ ጋር ካላገናኘን ሥራው አልተሟላም ብለው ይጨነቃሉ። በወር አሥር ትእዛዝ ለሚቀበል ሱቅ የሒሳብ ቁጥሩን፣ የባለ ሒሳቡንም ስም በግልጽ መጻፍ ይበቃል። ዋናው ነገር ያ ስም በገጹ ራስጌ ከተጻፈው የነጋዴዋ ስም ጋር አንድ መሆኑ ነው፤ ገንዘብ ሊልክ ጣቱን ያነሣ ሰው የማያውቀው ስም ሲመጣበት ይቆማል፣ መቆሙም ትክክል ነው። ነጋዴዋም በበኩሏ የክፍያ ደረሰኝ ፎቶ ስለደረሳት ብቻ ልብሱን አትስጥ፤ የሐሰት ደረሰኝ ማዘጋጀት ቀላል ሆኗልና ገንዘቡ ሒሳቧ ውስጥ መግባቱን ራሷ ትይ።

ወደ ፎቶግራፍ ልለፍ። ዛሬ በአንድ ደህና ስልክ የተነሣ ምስል አራት ሜጋባይት ያህል ይመዝናል። ሃያ ምስል እንዳለ ቢጫን ሰማንያ ሜጋባይት ይሆናል። በሰከንድ አንድ ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ይህ 640 ሰከንድ፣ ማለትም ከአሥር ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ያውም ገዢው በራሱ ብር የገዛው ጥቅል እያለቀ። እያንዳንዱ ምስል ወደ 150 ኪሎባይት ዝቅ ቢደረግ ሃያው በአንድ ላይ ሦስት ሜጋባይት ይሆናል፣ በዚያው መስመር በ24 ሰከንድ ይወርዳል። በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱን ዓይን አይለየውም። ምስሎቹ ገዢው ወደ ታች በሳበ ቁጥር እየተጠሩ እንዲመጡ ማድረግም አንድ መስመር ኮድ ነው። በነገራችን ላይ ‹‹የአማርኛ ጽሑፍ ገጹን ያከብዳል›› የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። በዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የላቲን ፊደል አንድ። ታዲያ ሦስት ሺህ ፊደል ያለው ሙሉ ገጽ ዘጠኝ ኪሎባይት ነው፤ ከአንዲት የተቀነሰች ፎቶ ጋር እንኳ አይወዳደርም።

ምስሉ እውነት ይናገር። ቀሚሱ በቀን ብርሃን፣ ከፊትና ከኋላ፣ ጥበቡ ቀረብ ተደርጎ፣ አንዴም ሰው ለብሶት ይነሣ። ከሌላ ሰው ገጽ የተወሰደ ፎቶ መለጠፍ በሽሮ ሜዳና በመርካቶ የተለመደ ሆኗል፤ ገዢዎች ያንኑ ቀሚስ በአምስት ገጽ ላይ ሲያዩት አምስቱንም አያምኑም።

አሁን ለቋንቋ ሰዎችና ለኮምፒውተር ተማሪዎች የጋራ በሆነ ጉዳይ ላይ ልቆይ። ገዢዋ የምትፈልገውን እንዴት ትጽፋለች? ‹‹ሐበሻ ቀሚስ››፣ ‹‹ሀበሻ ቀሚስ››፣ ‹‹ሃበሻ ቀሚስ››፣ ‹‹አበሻ ቀሚስ››፤ በላቲን ፊደል የምትጽፍ ከሆነማ መንገዱ ብዙ ነው። ለእኛ ጆሮ እነዚህ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የፍለጋ ሞተሮች አንዳንዱን ቢያቀራርቡም ሁልጊዜ አንድ ያደርጉልናል ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ በርዕሱ ላይ አንድ አጻጻፍ ተመርጦ በሁሉም ገጽ ይጠበቅ፤ ሌሎቹ አጻጻፎች ደግሞ በጥያቄና መልሱ ውስጥ ያለ ጭንቅ በተፈጥሯዊ ቦታቸው ይግቡ። ገጹ የራሱ የመፈለጊያ ሣጥን ካለው፣ ፕሮግራም የምትጽፉ ተማሪዎች፣ ከማወዳደራችሁ በፊት ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰቦቻቸው መልሷቸው። ለጽሑፍ ሥርዓት የሚቆረቆሩ ባልደረቦቼ አይቆጡኝ፤ የሚለወጠው ለማወዳደር ብቻ ነው፣ በገጹ ላይ የሚታየው ጽሑፍ እንደ ሥርዓቱ ይቆያል።

የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 ዕትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ሠሪ የአማርኛውን ሆሄ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጥ ስለነበር ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር የተከፈተ ጽሑፍ ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆን ነበር። ያን ዘመን የምናስታውስ ሰዎች ይህን የተከፈተልንን በር ስንዘጋው ማየት ያናድደናል። እንዴት እንዘጋዋለን? አማርኛውን ሁሉ ምስል ውስጥ በመጻፍ! ዋጋው፣ ስልኩ፣ አድራሻው በቀለም አሸብርቆ አንድ ፖስተር ላይ ይጻፋል፣ ፖስተሩ እንደ ፎቶ ይለጠፋል። ያን ጽሑፍ የፍለጋ ሞተር በአግባቡ ላያነበው ይችላል፣ ዓይነ ስውር ደንበኛ በስልኩ የንባብ ድምፅ አይሰማውም፣ ስልኩም ሲነካ አይደውልም። ጽሑፍ በጽሑፍነቱ ይቀመጥ።

ሰዓትንም አትርሱ። ‹‹ከ2፡30 እስከ 12፡00 ክፍት ነን›› የሚል ገጽ ለአዲስ አበባ ሰው ግልጽ ነው፤ ለውጭ ሰው ግን ሱቁ ሌሊት ተከፍቶ እኩለ ቀን ላይ የሚዘጋ ያስመስለዋል። ለካርታ አገልግሎትም ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞሉ ሱቆች በሥራ ሰዓታቸው ‹‹ዝግ ነው›› ተብለው ሲታዩ አይቻለሁ። ‹‹ከጠዋቱ›› እና ‹‹ከምሽቱ›› ይጨመር፣ በውጭው አቆጣጠርም ይደገም። ቀንም እንደዚሁ። ጥር የሰርግ ወር ነው፣ ጥምቀትም በዚያው ወር ነው፤ የሸማኔው እጅ የሚጣበበው ያን ጊዜ ነው። ‹‹ለጥር የሚደርስ ትእዛዝ እስከዚህ ቀን እንቀበላለን›› የሚል አንድ መስመር ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ ቢቀመጥ ነጋዴዋን ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናታል። ቀኑን የምታውቀው ግን እርሷ ናት፤ ድረ ገጽ ሠሪው ገምቶ እንዳይጽፍ።

የመጨረሻው ጉዳይ ለእኔ ከሁሉ የከበደው ነው። ይህ ሁሉ በማን ስም ይቆማል?

ድረ ገጽ ሦስት ነገር ነው፦ ስሙ፣ ማለትም ዶሜይኑ፤ የሚያርፍበት ኮምፒውተር፣ ማለትም ሆስቲንጉ፤ ይዘቱ። ሦስቱም የየራሳቸው ቁልፍ አላቸው። በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ዓለም አቀፍ ዶሜይን በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል፣ ነጋዴው በውጭ አገር የሚሠራ የክፍያ ካርድ የለውም፣ ስለዚህ ሠሪው ወጣት በራሱ ወይም በውጭ አገር ባለ ዘመዱ ካርድ፣ በራሱ ኢሜይል ይገዛዋል። ክፋት የለበትም፤ ችግር ለመፍታት ነው። ከዓመት በኋላ ወጣቱ ሥራ ይለውጣል፣ ወይም ከአገር ይወጣል፣ ወይም በክፍያ ይጣላሉ። የዕድሳት ማሳሰቢያው ወደ እርሱ ኢሜይል ይመጣል፣ ነጋዴው አይሰማም፣ ስሙ ይወድቃል። በ‹‹ዶት ኮም›› ስሞች ሥርዓት ስሙ ከተሰረዘ በኋላ ባለመብቱ ተጨማሪ ከፍሎ የሚያስመልስበት 30 ቀን አለ፤ ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለመጣ ሁሉ ክፍት ይሆናል። ባለመብት ተብሎ የተመዘገበው ደግሞ ወጣቱ ነው። በካርዷ፣ በከረጢቷ፣ በሱቋ በር ላይ የታተመው ስም የነጋዴዋ እንዳልሆነ የምታውቀው ያን ጊዜ ነው። ከላይ ‹‹የራስ የሆነ አድራሻ›› ያልኩት ሁሉ እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ ከቴሌግራም ተከራይነት ወጥታ የአንድ ግለሰብ ተከራይ ሆናለች ማለት ነው።

በኢትዮ ቴሌኮም የሚተዳደረው የአገራችን ‹‹ዶት ኢቲ›› ስም በብር ስለሚከፈል ይህን ችግር በከፊል ያቃልላል፤ ደንበኞቿ አገር ውስጥ ለሆኑ ሱቅ እርሱን እመርጣለሁ። ዓለም አቀፉን ለመረጠ ነጋዴ ካርዱ የማንም ይሁን፣ የተመዝጋቢው ስምና ኢሜይል የነጋዴው ይሁን። ኢሜይሉ ለሱቁ ብቻ የተከፈተ ሆኖ የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ከንግድ ፈቃዱ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ። ወረቀት ስላልኩ የሚስቁ ተማሪዎች ይኖራሉ፤ የምናገረው የንግድ ፈቃዷን ለሠላሳ ዓመት ሳትጥል ስለያዘች ሴት ነው፣ ያ ፋይል ከማናችንም ስልክ ይልቅ አስተማማኝ ነው።

ስለ ገዢዎቹም አንድ ቃል። የልብስ ትእዛዝ የሰው ስም፣ ስልክ፣ የሰውነት ልክ ይይዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህን መረጃ ለተሰበሰበበት ሥራ ብቻ ማዋል የጨዋነት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የማያስፈልግ ነገር በቅጹ ላይ አትጠይቁ።

ለዚህ ዓመት ተማሪዎቼ የሥራ መመሪያውን በዚህ መሠረት አስተካክዬዋለሁ። ከእንግዲህ ማርክ የሚሰጠው ገጹ በተከፈተበት ቀን አይደለም። ቡድኑ ዶሜይኑ በነጋዴው ስም መመዝገቡን ያሳያል፤ ነጋዴው ራሱ፣ ማንም ሳይረዳው፣ በስልኩ አንድ ዋጋ ይቀይራል፣ አንድ ፎቶ ይጨምራል፣ እኔም ቆሜ አያለሁ። በሁለተኛው ሴሚስተር መጨረሻ ገጹን እንደገና እከፍተዋለሁ፤ ያን ቀን ዋጋው የዚያን ወር ዋጋ ከሆነ ቀሪውን ነጥብ ያገኛሉ። ከነጋዴዎቹ መካከል በዚህ ሥራ ከተማሪዎቻችን ጋር መሥራት የምትፈልጉ ስማችሁንና የንግዳችሁን ዓይነት በመውጫው በር ላይ ባለው መዝገብ ላይ ብታሰፍሩልን በሚቀጥለው ወር እንጠራችኋለን።

ጊዜ ስላለን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከነጋዴዎቹ ብንጀምር እወዳለሁ።